ሦስት በስሙኒ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አራት ሳንቲም ነው። «አራት ሳንቲም ደግሞ ምን የሚወራለት ነገር አለው?» ትሉ ይሆናል፤ አልፈርድባችሁም። ዛሬ አራት ሳንቲም አስፋልት ላይ ተበትና ብትገኝ ጎንበስ ብሎ የሚለቅማት የለም። እኔ ግን አርባ ምናምን ዓመት ሙሉ ይህች አራት ሳንቲም ከልቤ አልወጣችም። ስለ ገንዘብ ታሪክ ያነበብሁት ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደ እሷ ይመልሰኛል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር።

ምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ በኩል፣ ሮብ ገበያ የሚባል ቦታ አለ። በአገራችን ሰኞ ገበያ፣ ሐሙስ ገበያ፣ ቅዳሜ ገበያ እየተባለ በቀን ስም የተጠራ ቦታ ብዙ ነው። ገበሬው ሳምንቱን ለሰባት ከፍሎ አንዱን ክፋይ ለገበያ ይሰጣል፤ ቦታውም በዚያው ክፋይ ተጠርቶ ይቀራል። አያቴ የምትገበየው ሮብ ገበያ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ቀን እንቁላል ልትሸጥ ስትወርድ ተከትያት ሄድሁ። አሥራ ሁለት እንቁላል ነበር፤ ገለባ በተጎዘጎዘበት ቅርጫት ውስጥ አጋድማቸዋለች።

ያኔ ትምህርት ቤት አስርዮሽ የሚባል ነገር መማር ጀምረናል። ያቺ ነጥብ እንዴት እንዳኮራችኝ አትጠይቁኝ! ያየሁትን ሁሉ በነጥብ ካላካፈልሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። የእንጀራ ቁራሽ ዜሮ ነጥብ ሁለት አምስት ነው፤ የቀረችው ጠላ ዜሮ ነጥብ አምስት ነው። ቤተሰቡ «ይኼ ልጅ ምን ነካው?» ይል ነበር።

እንቁላል እየሰበሰበ ወደ ከተማ የሚጭን አንድ ነጋዴ መጣ።

«ስንት ነው፣ እናቴ?»

«ሦስት በስሙኒ» አለች አያቴ።

ነጋዴው ቅርጫቱን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። «ተማሪ ነህ አይደል? በል እስቲ አስላልን። ሦስቱ በሃያ አምስት ሳንቲም ከሆነ አንዱ ስንት ይመጣል? አሥራ ሁለቱስ?»

ይህን ሰምቶ ማን ይቆማል! ስንጥር አንስቼ አፈሩ ላይ ተንበረከክሁ። ሃያ አምስት ሲካፈል ለሦስት፤ ስምንት ነጥብ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት፣ እያለ ማለቂያ የለውም። መምህራችን «ከነጥብ በኋላ ያለው ከአምስት ካነሰ ጣሉት» ብለውናል፤ ጣልሁት። አንዱ እንቁላል ስምንት ሳንቲም። ስምንት ሲባዛ በአሥራ ሁለት፦ «ዘጠና ስድስት ሳንቲም!» ብዬ ጮኽሁ።

«ጎበዝ!» አለ ነጋዴው። አንድ ሽልንግ፣ አንድ ስሙኒ፣ ሁለት ባለ አሥርና አንድ ባለ አንድ ሳንቲም ቆጥሮ ዘረጋላት።

አያቴ እጇን አልዘረጋችም። ነጠላዋን አነጠፈችና እንቁላሎቹን ሦስት ሦስት እያደረገች አራት ቦታ ደረደረቻቸው። ከዚያ በጣቷ እያሳየች «ይኼ ስሙኒ። ይኼ ስሙኒ። ይኼ ስሙኒ። ይኼም ስሙኒ። አራት ስሙኒ ስንት ነው?» አለችው።

«ብር ነው» አለ።

«ታዲያ አራቷን ሳንቲም ማን በላት?»

ነጋዴው ሳቀ። «ልጁ እኮ ነው ያሰላው!» አለና ብሯን ሞልቶ ከፈለ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ወደ ቤት ስንመለስ አያቴ አልተቆጣችኝም። «ትምህርትህን ተማር፣ ልጄ። ግን አልካፈል ያለ ነገር ሲገጥምህ፣ የጣልኸው ወዴት እንደሄደ ጠይቅ» ነው ያለችኝ።

ማታ ብቻዬን አሰላሁት። ያ ነጋዴ በዚያች ሮብ ከሃምሳ ሴቶች አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት እንቁላል ቢገዛና ከእያንዳንዳቸው አራት አራት ሳንቲም ቢያስቀር፣ ሁለት ብር ሆነ። ሁለት ብር በዚያን ቀን ዋጋ ሃያ አራት እንቁላል ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ይህኛው የተገላቢጦሽ ነው፤ ሃምሳ ሴቶች ሳይሰማቸው የጣሉትን አንዱ ሰብስቦ ጌጥ ያደርገዋል።

አያቴ ቁጥር መጻፍ አትችልም ነበር። ግን እኔ የማላውቀውን አንድ ነገር ታውቅ ነበር። እኔ ከአንዱ እንቁላል ተነሥቼ ወደ ሙሉው ለመድረስ ስሞክር መንገድ ላይ አንጠባጠብሁ፤ እሷ ከሙሉው ተነሥታ ወደ ክፋዩ ወረደች፤ ምንም አልጎደለባትም። አንዱ ክፍልፋይ ይባላል፤ ሌላው አስርዮሽ። በመጽሐፍ ላይ ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው። ገበያ ላይ ግን አንድ አልነበሩም። የአገራችን ሳንቲም ታሪክ ደግሞ የእነዚህ የሁለቱ ሙግት ታሪክ ነው ብል ብዙ አላጋነንሁም።

ከጠገራው ብር እንጀምር። በኦስትሪያዋ ንግሥት በማሪያ ቴሬዛ መልክ የተመታው፣ እኛ «ጠገራ» ወይም «ማርትሬዛ» የምንለው ብር 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል፤ በላዩ ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም በዚያው ዓመት ስም ሲመታ ኖረ፤ የእኛ ሰው ዓመቱና መልኩ ከተለወጠበት አይቀበልም ነበርና። የጌጧን ዕንቁ ሳይቆጥር የማይቀበልም ነበር። ይህ ብር ወደ አገራችን የገባው ግን ሙሉ ሆኖ ነው። ግማሽ የለው፤ ሩብ የለው። አንድ በሬ ለመሸጥ ጥሩ ነው፤ በርበሬ ለመግዛት ግን በምን ትዘረዝረዋለህ?

ዝርዝሩ አሞሌ ነበር። ከአፋር በረሃ ተፈልፍሎ፣ በግመልና በአጋሰስ ተጭኖ ደጋ የሚወጣው ጨው ሸቀጥ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብ ነበር። ጎጃም ውስጥ፣ የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስሙ የገነነ ነበር፤ ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣው ቡናና ወርቅ፣ ከሰሜን ከሚመጣው አሞሌ ጋር እዚያ ይገናኛል። አንድ ብር በስንት አሞሌ ይመነዘራል ቢባል መልሱ «የት ሆነህ?» ነው። ከጨው አገሩ በራቅህ ቁጥር ለአንድ ብር የምታገኘው አሞሌ ያንሳል። ክረምት ሲገባም ይለዋወጣል። አሞሌው ከተሰበረ ዋጋው ይወድቃል፤ ስለዚህ በልጥ ታስሮ እንደ ዕቃ ይጠበቃል። በኋላም የጠመንጃ ጥይት ሳይቀር ለዝርዝር ውሏል። እንግዲህ አስቡት፤ ሙሉው ከአውሮፓ፣ ዝርዝሩ ከአፋር፤ ሁለቱን የሚያስታርቅ ቋሚ ቁጥር የለም።

ይህን ለማስታረቅ የተነሡት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። በ1887 ዓ.ም. የተጻፈባቸው የመጀመሪያዎቹ ብሮቻቸው ፓሪስ ተመቱ። ብሩ 28.075 ግራም ነው፤ ሆን ተብሎ ከጠገራው ጋር እንዲተካከል። ከሥሩ ያሉት ክፋዮች ስማቸውን በራሳቸው ላይ ተሸክመው ነው የወጡት፦ የብር አላድ፣ የብር ሩብ፣ የብር ተሙን። አላድ ግማሽ ነው፣ ሩብ አንድ አራተኛ፣ ተሙን አንድ ስምንተኛ። በአስርዮሽ ብንጽፋቸው 0.50፣ 0.25 እና 0.125 ናቸው። ልብ በሉ፤ በሳንቲሙ ላይ የተጻፈው «ይህን ያህል ዋጋ አለኝ» የሚል ቁጥር ብቻ አይደለም። «እኔ የዚያ ሙሉ ብር ይህን ያህል ክፋይ ነኝ» የሚል ቃል ነው። ክብደቱም አይዋሽም፤ ሁለት አላድ ሚዛን ላይ ብታወጣ ከአንድ ብር ጋር ይተካከላል።

ግማሽ፣ የግማሽ ግማሽ፣ የዚያም ግማሽ የሚለው አካሄድ ከየት መጣ? ከሚዛን ነው። ሚዛን ቁጥር አያውቅም፤ የሚያውቀው እኩል መሆንንና አለመሆንን ብቻ ነው። ወርቅ አንጣሪው አንድ ወቄቱን በብር ክብደት ይለካል፤ ከዚያ ሁለቱ ጎን እስኪተካከል ድረስ ይከፍለዋል፤ ግማሹን እንደገና ይከፍለዋል። ማንበብ አያስፈልገውም። እህል የምትሰፍር ሴት፣ ሥጋ የሚከፍል ቅርጫ፣ ቅርስ የሚካፈል ወንድማማች ሁሉ በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። አንዱ ይከፍላል፤ ሌላው ያነሳል። ለአሥር መክፈል ግን ከባድ ነው። አንድ ድፎ ዳቦ ለስምንት ለመክፈል አራት ጊዜ ቢላዋ ማሳረፍ ይበቃል፤ ለአሥር እኩል ክፈል ብትባል ግን እጅህ ይንቀጠቀጣል።

ምኒልክ ግን በአንድ ከረጢት ውስጥ ሌሎች አቆጣጠሮችንም አስገቡ። ትንሿ የብር ግርሽ 1.40 ግራም ገደማ ናት፤ የብሩ ሃያኛ፣ 0.05 ማለት ነው። በ1889 ዓ.ም. የተመታው አንዱ መዳብ የብር 32ኛ ነበር፤ አምስት ጊዜ በመግመስ የሚደረስበት፣ በአስርዮሽ ግን 0.03125 ተብሎ አምስት አኃዝ የሚፈጅ። በዚያው ዓመት ሌላም መዳብ ተመታ፤ ስሙ «መቶኛ»። ይህች ናት እንግዲህ የአስርዮሽ የመጀመሪያ ልጅ፤ 0.01። ገማሹ፣ በሃያ የሚቆጥረውና በመቶ የሚቆጥረው ሦስቱም በአንድ ንጉሥ ዘመን፣ በአንድ መቀነት ውስጥ ተቋጠሩ።

መቶኛ ወዲያው አላሸነፈችም። ከከተማ ርቆ ያለው ሰው የምኒልክን ብር እንኳ ጥሎ ጠገራውን ይመርጥ ነበር። የአስርዮሽ ዘመን በሕግ የገባው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ ነው። በ1923 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ ሲሆን፣ አንድ ብር መቶ መቶኛ (የውጭ ጸሐፊዎች «ማቶና» የሚሉት) ተባለ፤ የመዳብና የኒኬል 1፣ 5፣ 10፣ 25 እና 50 ወጡ። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ተለወጠ። የድሮው አላድ በራሱ ብር ነበር፤ ቢያቀልጡት የግማሽ ብር ብር ይወጣዋል። የአዲሱ ኒኬል ዋጋ ግን በብረቱ ውስጥ የለም፤ በላዩ በተጻፈው ቁጥርና ቁጥሩን ባስጻፈው መንግሥት ቃል ውስጥ ነው ያለው። ክፍልፋይ በሚዛን ይታመናል፤ አስርዮሽ በቃል ይታመናል።

ያ ቃል ብዙ ሳይቆይ ተሰበረ። ጣሊያን ገባ፤ ሊሬ መጣ። ጣሊያን ሲወጣ እንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካን ሽልንግ ይዘው ገቡ። በመጨረሻ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣ። በአማርኛ «የኢትዮጵያ ብር» ነው፤ በወረቀቱ ላይ በተጻፈው እንግሊዝኛ ግን «የኢትዮጵያ ዶላር» ነበር። መቶኛ የሚለው የአገር ቃል ቀርቶም ከፈረንሳይኛ የመጣው «ሳንቲም» ተተካ።

«ብርና ዶላርን ምን አገናኛቸው?» የሚል ካለ፣ ዘመዳሞች እኮ ናቸው! በቦሂሚያ ዮአኪምስታል የሚባል የብር ማዕድን ያለበት ሸለቆ ነበር፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እዚያ የተመታው ብር በሸለቆው ስም «ታለር» ተባለ። ከታለር ዶላር ወጣ፤ ከታለር የማሪያ ቴሬዛ ጠገራም ወጣ። የአሜሪካው ዶላርና የሮብ ገበያው ብር የአንድ አያት ልጆች ናቸው ማለት ነው።

አሁን ወደ አያቴ ስሙኒ ልመለስ። አንድ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ በሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ተተመነ። ስለዚህ አንድ ሽልንግ የብር ግማሽ ሆነ፤ ሃምሳ ሳንቲምም «ሽልንግ» ተብሎ ቀረ። እውነተኛው ሽልንግ ከአገር ከወጣ በኋላም ስሙ አልወጣም። «ስሙኒ»ስ? ቃሉ ከዐረብኛው «ስምንተኛ» የመጣ ነው፤ የምኒልክ «ተሙን» የቅርብ ዘመድ። እንግዲህ ስሙ ስምንተኛ ይላል፤ ዋጋው ግን ሃያ አምስት ሳንቲም፣ የብር ሩብ ነው! ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ጊዜ ተማሪዎቼን «ቃል ከዕቃው ይልቅ ዕድሜ አለው» እላቸው ነበር፤ ምሳሌዬም ይቺው ስሙኒ ነበረች። ዋጋው ይለወጣል፣ መልኩ ይለወጣል፣ ንጉሡ ይለወጣል፤ የገበያ ሴት ግን የለመደችውን ስም አትለቅም።

ይህን የጎጃም ኋላ ቀርነት ነው የሚል እንዳይኖር አሜሪካንን ልጥራ። እነ ቶማስ ጄፈርሰን በአሥር መቁጠር ይቅለለን ብለው ተከራክረው፣ በ1792 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ዶላሩን ለመቶ ሳንቲም ከፈለው። ሕዝቡ ግን ስምንት ሬያል የነበረውን የስፔን ዶላር ለምዶ ነበርና ሃያ አምስቱን ሳንቲም «ሁለት ቢት»፣ ማለትም ሁለት ስምንተኛ፣ ማለቱን ቀጠለ። እሱም ይሁን፤ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ራሱ ዋጋ የሚጠራው በስምንተኛና በአሥራ ስድስተኛ ነበር። ሁሉንም ወደ አስርዮሽ ያዞረው በጥር 2001 እ.ኤ.አ. ነው። ዎል ስትሪትም እስከ ትናንት በተሙን ይገበያይ ነበር ማለት ነው!

ከ1937ቱ ሳንቲሞች መካከል የስሙኒዋ ታሪክ ለብቻው ይወራል። መጀመሪያ የወጣችው ክብ መዳብ ነበረች፤ መጠኗ ከብሩ ሃምሳ ሳንቲም ጋር ይቀራረባል። ብልጦች ብር እየቀቡ ሃምሳ ነው ብለው ማሳለፍ ጀመሩ። ሩብን አላድ አደረጓት! መንግሥት ሰበሰባትና ጠርዟን እንደ አበባ ከርክሞ አወጣት። ከዚያ በኋላ ቀለም ቢቀቡሽ፣ ቢያወለውሉሽ ምን ይሆናል? ዓይነ ስውሩም፣ ማንበብ የማትችለዋም ሴት በጣት ዳብሰው ያውቋታል። ደርግ በ1969 ዓ.ም. ገንዘቡን ሲለውጥና በእንግሊዝኛውም «ዶላር» የሚለውን አስቀርቶ «ብር» ሲያሰኝ፣ አያቴ አንዲት ከርካማ ስሙኒ መቀነቷ ውስጥ አስቀርታ ነበር። «ለምን?» ብላት «ይቺን ማንም አያታልለኝባትም» አለችኝ።

ነገሩ የሳንቲም ብቻ አይደለም። የገበሬው ሕይወት በክፍልፋይ የተሞላ ነበር። እኩል አራሽ፣ ሲሶ አራሽ፣ እርቦ፣ እነዚህ ሁሉ የመሬቱን ፍሬ ማን ምን ያህል እንደሚወስድ የሚናገሩ ክፍልፋዮች ናቸው። አንዳንዱ ጨካኝ ነበር፤ ግን ስሙን ሲሰማ ገበሬው የሚሄድበትን ያውቃል። ከአሥር አንድ የሆነው አስራትም እንዲሁ ነበር። በ1960 ዓ.ም. አስራት ቀርቶ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲታወጅ ጎጃም ተነሣ፤ ቢቸናና ሞጣም በዚያ ዐመፅ ውስጥ ነበሩ። ገበሬው የፈራው ገንዘቡን ብቻ አልነበረም፤ ገማች መጥቶ ገቢህ ይህን ያህል ነው ሲል፣ ነገ ደግሞ መሬቴን ለክቶ ርስቴን ይነጥቀኛል ብሎ ነው። ግብሩ በወረቀት ላይ ሲታይ ዘመናዊ ነበር። ግን የምን ያህሉ ምን ያህል እንደሆነ ከፋዩ በገዛ ዓይኑ ማየት አልቻለም። መንግሥት በመጨረሻ እጁን መሰብሰብ ግድ ሆነበት።

ይህን የምለው አስርዮሽን ለማማት አይደለም። ያለ አስርዮሽ ባንክ አይቆምም፣ ሒሳብ አይዘጋም። እኔም ደመወዜን በተሙን ተቀብዬ አላውቅም። የምለው ሌላ ነው፤ አስርዮሽ ሲጻፍ ሙሉው ከዓይን ይሰወራል። «ሩብ» ስትል የምኑ ሩብ ተብለህ ትጠየቃለህ። «0.25» ስትል ግን ማንም አይጠይቅህም። እንቁላሌን ያስበላኝ ይኸው ነው።

እስቲ ይህንኑ ጥያቄ ራሱን ብርን እንጠይቀው፤ ብር የዶላር ስንተኛው ነው? በ1937 ዓ.ም. ሲወለድ የአሜሪካ ዶላር ሁለት አምስተኛ ያህል ነበር፤ 0.40። በ1965 ዓ.ም. አንድ ዶላር በ2.07 ብር ሲተመን፣ የዶላሩም መዳከም ረድቶት፣ ብር 0.48 ደረሰ፤ የዶላር አላድ ሊሆን ጥቂት ቀረው። ያ ዋጋ ሃያ ዓመት ያህል ቆየ። በመስከረም 1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር አምስት ብር ተባለ፤ ብር አምስተኛ ሆነ፣ 0.20። ከዚያ ቁልቁለቱ ረዘመ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ በሳምንታት ውስጥ አንድ ዶላር ከመቶ ብር በላይ ሆነ። ብር ዛሬ ለዶላር መቶኛ እንኳ አልሆነም። የምኒልክን ትንሿን መዳብ አስታወሳችኋት? ብር ራሱ እሷን ሆኗል፤ ያውም ከእሷ አንሶ።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው ባለ ሁለት ቀለም የአንድ ብር ሳንቲም በአንድ ጎኑ አንበሳ፣ በሌላ ጎኑ ሚዛን አለበት። ሳየው ይገርመኛል። ሚዛኑ ላይ ምን ተቀምጦ ይሆን የሚመዘነው?

ብር መቶኛ ሲሆን የእሱ መቶኛ የነበረው ሳንቲም ምን ይሁን? ጠፋ። ጠፍቶ ግን አላለቀም፤ ሒሳቡ ውስጥ አለ። በአንድ ወቅት ባለ ሱቁ «መልስ የለኝም፣ ማስቲካ ልስጥህ?» ይለን ነበር። ማስቲካ ገንዘብ ሆነ፤ ወደ አሞሌ ዘመን ተመለስን። ባለ ሱቁ ማስቲካውን ይሰጣል እንጂ መልሶ አይቀበልም፤ ለእሱ ማስቲካ ሸቀጥ ነው፣ ለእኛ ብቻ ነው ገንዘብ የሚሆነው። አሁን ደግሞ ተራው የብር ሆኗል፤ «ሁለት ብሯን ተወው» እየተባለ ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር የሚከፍለው ሰው ሳንቲሟን በስልኩ ላይ መልሶ አግኝቷታል፤ 0.35፣ 0.60 እያለ ይጻፍለታል። በእጅ የማትዳሰስ፣ ጠርዟ የማይከረከም ሳንቲም።

«ሁለት ብር ምን ትጎዳለች?» እንዳትሉኝ። በኩንታል ለሚገዛ አትጎዳም። ስኳር በስኒ፣ ዘይት በብልቃጥ፣ ከሰል በጣሳ የሚገዛውን ሰው ጠይቁት። ባለ ኩንታሉ በወር አንድ ጊዜ «ተወው» ይባላል፤ ባለ ስኒው በቀን ሦስት ጊዜ። እኔ ያን ቀን ከመቶ አራት ነው የጣልሁት፤ ከመቶ አራት ትርፍ ለማግኘት ነጋዴ ስንት አገር ያቋርጣል! የሚጣለው ትርፍራፊ ምንጊዜም በትንሽ በትንሹ የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ነው።

ባለፈው ወደ አገር ቤት ወርጄ ሮብ ገበያ ጎራ አልሁ። ቀኑ ሮብ ነበር። አንዲት ልጅ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ እንቁላል ትሸጣለች። ፌስታል ላይ ሦስት ሦስት አድርጋ ደርድራቸዋለች። ልቤ ደነገጠ።

«ለምን በሦስት በሦስት አደረግሽው?»

«ለመቁጠር እንዲቀለኝ ነው፣ ጋሼ።»

«ስሙኒ የሚባል ታውቂያለሽ?»

ትንሽ አሰበች። «የሰው ስም ነው?» አለችኝ።

ሁለት መደብ ገዛሁና አንድ ባለ ሁለት መቶ ብር ሰጠኋት። ዝርዝር አልነበራትም። «መልሱ ይቅር፣ ያዥው» ልል አፌን ስከፍት፣ ብሩን ጨብጣ ተነሥታ ሄደች። አንዷ ጋ ጠየቀች፤ የለም። ጨው የምትሸጠዋ ጋ ሄደች፤ የለም። በመጨረሻ ከሽንኩርት ነጋዴዋ ዘንድ መንዝራ መጣችና አንድ በአንድ መዳፌ ላይ ቆጠረችልኝ። የመጨረሻዋ ሚዛን ያለባት የአንድ ብር ሳንቲም ነበረች።

«ይቺን እንኳ ያዥያት» አልኋት።

«እንቁላሉን በዋጋው ነው የሸጥሁልዎት፤ የርስዎን ብር ምን ብዬ ልያዝ?» ብላ ወደ ቅርጫቷ ጎንበስ አለች።

ሳንቲሟን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። እናንተም በየሱቁ «ተወው» ስትባሉ፣ ጠብ ፍጠሩ አልላችሁም። ግን አንድ ጊዜ እንኳ፣ እንደ አያቴ፣ ወዴት እንደሄደች ጠይቁ።

ቸር እንሰንብት።